ነፃው የለም፣ ያለው ነፃ አይደለም

ዘንድሮ ከደብረ ሲና ሳይወጡ ለንደን መግባት ይቻላል። ቪዛ የለ፣ ትኬት የለ፣ «የባንክ ሂሳብህን አሳየኝ» ብሎ ላይ ታች የሚያይ ሰው የለ። የመስታወቷ ጥግ የተሰነጠቀች አንዲት ሞባይልና የጥቂት ደቂቃ ዳታ ካለ፣ የዛሬ 160 ዓመት የነበረችው ለንደን ከነጭሷ፣ ከነጭቃዋ፣ ከነሌባዋ ደጅ ድረስ ትመጣለች። የማወራው ስለ መጽሐፍ ነው። ደራሲዎቻቸው ከሞቱ ብዙ ዘመን ያለፋቸውን የዓለም ታላላቅ መጻሕፍት በኢንተርኔት በነፃ ስለሚያድሉ ቤተ መጻሕፍት።

«ታዲያ ይሄ ምን ይገርማል? ኢንተርኔት ከመጣ ስንት ዘመኑ!» የሚል አይጠፋም። ለአዲስ አበባ ሰው ላይገርም ይችላል። አራት ኪሎ ላይ በ2014 ዓ.ም የተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት አለለት። ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ አሮጌ መጽሐፍ ሻጮች አሉለት። ካፌ በረንዳ ላይ ቁጭ ቢል እንኳ መጽሐፍ አዟሪው እስከ አገጩ ድረስ ከምሮ ይመጣለታል። ለትንሽ ከተማ ልጅ ግን ነገሩ ሌላ ነው።

ደብረ ሲናን ብዙ ሰው የሚያውቃት በመኪና መስኮት ነው። ከአዲስ አበባ 190 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ፣ የጣርማ በርን ጉምና በጣሊያን ዘመን የተፈለፈለውን ዋሻ አልፎ፣ ጠመዝማዛውን ቁልቁለት ሲወርድ ያገኛታል። አውቶቡሱ ይቆማል፣ ቆሎ ሻጮች ይከቡታል፣ መንገደኛው ቆሎውን እየቆረጠመ ወደ ሸዋ ሮቢት፣ ወደ ኮምቦልቻ፣ ወደ ደሴ ይቀጥላል። እዚያ ላደግነው ግን ቆሎ ሌላም ጥቅም ነበረው። በእኛ ልጅነት ቆሎ የሚጠቀለለው ከተቀደደ መጽሐፍና ከአሮጌ ደብተር በወጣ ወረቀት ነበርና ቆሎውን ጨርሰን መጠቅለያውን እናነባለን። ታሪኩ ከመሀል ይጀምራል፣ ከመሀል ያልቃል። ልጅቷ ደብዳቤውን ልትከፍተው ስትል ወረቀቱ ያበቃል። ሌላ የአስር ሳንቲም ቆሎ ብትገዛ የሚደርስህ የሂሳብ መጽሐፍ ነው! ስንት ልብ ወለድ መጨረሻውን ሳናውቅ እንደቀረን እግዜር ይወቀው።

ነፃ ንባብ ግን ለእኛ አገር ፈጽሞ አዲስ ነገር አይደለም። አንዱ በር ሬዲዮ ነበር። በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» ዝግጅት ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ሲተርክ፣ ፊደል ያልቆጠሩ እናቶች ሳይቀሩ ለሰብለ ወንጌል አልቅሰዋል፣ በጉዱ ካሣ ተደንቀዋል። መጽሐፉ በአገሩ ከታተመው ቅጂ ብዛት ይልቅ በወጋየሁ ድምፅ የገባበት ቤት ይበዛል ብል የሚከራከረኝ ያለ አይመስለኝም። ሌላው በር ኪራይ ነው። ሱቅ ጥግ ላይ መጻሕፍት ደርድሮ በቀን በሳንቲም የሚያከራይ ሰው ነበር። በሁለት ቀን ካልመለስክ ቅጣት ስላለ ሌሊቱን በኩራዝ ታነባለህ። ጠዋት አፍንጫህ ጥላሸት ሆኖ ስትነሳ እናትህ ለፈተና ያጠናህ መስሏት ትመርቅሃለች።

ከዚህም የከፋ ረሃብ የነበረባቸው አሉ። ገጣሚና ጋዜጠኛው ነቢይ መኮንን፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በደርግ ዘመን እስር ቤት ሳለ እጁ የገባውን የማርጋሬት ሚሼልን ትልቅ ልብ ወለድ በሲጋራ ፓኬት ወረቀት ላይ ወደ አማርኛ መለሰው። የወረቀቱ ቁጥር 3,000 ገደማ እንደነበር ይነገራል። እየተደበቀ ከእስር ቤት ወጣና በኋላ «ነገም ሌላ ቀን ነው» ተብሎ ታተመ። እኔ ይህን ታሪክ ባሰብኩ ቁጥር ሰው ለመጽሐፍ ምን ያህል እንደሚራብ ይገባኛል። እስረኛ ሲጋራ ቢርበው ወግ ነው። ሲጋራው አልቆ ለወረቀቱ የሚሰስት ግን ሌላ ዓይነት ረሀብተኛ ነው።

አሁን ወደ ሞባይሏ እንመለስ። ሞባይሏ የእህቴ ናት፣ አንባቢዋ ግን የእህቴ ልጅ ናት። በ2015 ዓ.ም የ10ኛ ክፍል ተማሪ ሳለች የእንግሊዝኛ መምህራቸው ጥቁር ሰሌዳው ላይ «ፕሮጀክት ጉተንበርግ» ብለው ጻፉላቸው አሉ። ማይክል ሃርት የሚባል አሜሪካዊ ተማሪ እ.ኤ.አ. በ1971 የአገሩን የነፃነት አዋጅ በኮምፒውተር ለቅሞ ለሚፈልግ ሁሉ በነፃ በመስጠት የጀመረው ሥራ ነው። ሰውየው እ.ኤ.አ. በ2011 ሞተ፣ ሥራው ግን ቀጥሎ ዛሬ ከ70 ሺህ በላይ መጻሕፍት ይዟል። ክፍያ የለ፣ ምዝገባ የለ።

አንድ ቀን ማታ ደወለችልኝ።

«ጋሼ፣ ዲከንስ የሚባለውን ሰውዬ ያውቁታል?»

«ስሙን አውቃለሁ። ምነው?»

«አስለቀሰኝ። ለዚያውም በቀጥቃጭ ነው ያስለቀሰኝ።»

ያነበበችው ፒፕ የተባለውን ወላጅ አልባ ልጅ ታሪክ ነው። ፒፕን ያሳደገው ጆ የሚባል የእህቱ ባል ነው፤ ሥራው ብረት ቀጥቃጭ። ፒፕ ከማያውቀው ሰው ገንዘብ ተልኮለት ለንደን ገብቶ ጨዋ ሲሆን በዚያ ባሳደገው ሰው ያፍርበታል። ገንዘቡ ሄዶ፣ ዕዳ ውስጥ ተዘፍቆ፣ ታሞ ሲወድቅ ግን መጥቶ የሚያስታምመው፣ ዕዳውንም የሚከፍልለት ያው ቀጥቃጭ ነው። የእህቴ ልጅ መዝገበ ቃላት እያገላበጠች ይህን መጽሐፍ ለመጨረስ ሁለት ወር ፈጅቶባታል።

«ጋሼ፣ እኛ ዘንድ ቀጥቃጭ ምን እንደሚባል ያውቁ የለ?» አለችኝ።

አውቃለሁ። ማረሻችንን ሠርቶ፣ ማጭዳችንን ስሎ ለሚያበላን ሰው ያወጣንለት ስም «ቡዳ» ነው። አጼ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም ባለእጅን መስደብ የሚከለክል አዋጅ አስነግረው ነበር። አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ቢያልፈውም ስድቡ ግን ዛሬም ከየሰፈሩ አልጠፋም። አንዲት የአስራ ስድስት ዓመት ልጅ ግን አንድ እንግሊዛዊ የጻፈውን አንብባ፣ በመንደሯ ዳር ብረት የሚቀጠቅጡትን ሽማግሌ በስማቸው ጠርታ «እንደምን አደሩ» ማለት ጀመረች። እናቷ በመጀመሪያ ደንግጣ ነበር። አሁን ለምዳዋለች።

እንግዲህ «የድሮ መጽሐፍ ለዘንድሮ ልጅ ምን ያደርግላታል?» ለሚለኝ ሰው መልሴ ይሄ ነው።

በኋላ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ይዛ መጣች። «ጋሼ፣ የፈረንጁን ሁሉ አገኘሁ። የኛስ የት ነው ያለው?»

እስቲ እኔም ልፈልግላት ብዬ ገባሁ። የኛን ፍለጋ ገና ከደጁ ፊደል ያስቸግራል። የብላቴን ጌታ ኅሩይን መጽሐፍ ትፈልጋላችሁ እንበል። «ኅሩይ» ብሎ የጻፈ አለ፣ «ሕሩይ» ያለ አለ፣ «ህሩይ» ያለም አለ። ለእኛ ሦስቱም አንድ ሰው ናቸው። ለብዙው መፈለጊያ ማሽን ግን ሦስት የማይተዋወቁ ሰዎች ናቸው። ሀዲስ ዓለማየሁም እንደዚሁ በሀሌታው «ሀ»፣ በሐመሩ «ሐ»፣ በ«ዓ» እና በ«አ» እየተባዙ የአንድ ቤተሰብ አባላት መስለዋል።

ይሁንና «ፍቅር እስከ መቃብር» ተገኘ። ቴሌግራም ላይ። እኔ ስፈልግ እሷ ቀድማኝ አግኝታው ኖሯል። ግን ምን ዓይነት «ፍቅር እስከ መቃብር»? አንድ ሰው መጽሐፉን ገጽ በገጽ ፎቶ አንስቶታል። አንዳንዱ ገጽ ተንጋዷል፣ ከመሀል ሁለት ገጽ ጠፍቷል፣ አንድ ቦታ ላይ ደግሞ የፎቶ አንሺው አውራ ጣት በዛብህ ላይ ተኝቶበታል። ፊደሉን ላጉላው ስትል መስመሩ ከመስታወቱ ይወጣል። በዚያ ላይ ክብደቱ! የዲከንስ ወፍራም መጽሐፍ በፊደል የተለቀመ ስለሆነ አንድ ሜጋ ባይት ገደማ ነው። የቶልስቶይ «ጦርነትና ሰላም» እንኳ ከእነ ግዝፈቱ ሦስት ሜጋ ባይት ምናምን ቢሆን ነው፣ አንዲት የሠርግ ፎቶ ታህላለች። በፎቶ የተሰበሰበ የአማርኛ መጽሐፍ ግን አስር እጥፍም ሃያ እጥፍም ይሆናል። ሩስያዊው በሳንቲም ዳታ ደብረ ሲና ሲገባ፣ ጎጃሜው ሀዲስ ዓለማየሁ ሙሉ ጥቅል ካልተገዛላቸው ጣርማ በርን አያልፉም ማለት ነው።

ሁለተኛው ጣጣ ሕግ ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲን ሥራ ደራሲው በሕይወት እስካለና ከሞተም በኋላ ለ50 ዓመት ይጠብቃል። ሀዲስ ዓለማየሁ ያረፉት አዋጁ በወጣበት በዚያው በ1996 ዓ.ም ነው። ስለዚህ በ1958 ዓ.ም የታተመው መጽሐፋቸው እስከ 2046 ዓ.ም ድረስ ባለቤት አለው። ቴሌግራም ላይ ያለው ቅጂ፣ በደግ ልብም ይጫን በክፉ፣ ነፃ ሳይሆን የተወሰደ ነው።

አንድ ደራሲ ወዳጄ ሦስት ዓመት ጽፎ፣ ተበድሮ አሳትሞ፣ መጽሐፉ በሳምንቱ ቴሌግራም ላይ ወጣበት። በየገጹ ላይ ደግሞ የሰራቂው ቻናል ስም በቀይ ታትሟል። «የድሮ ሌባ እኮ ቢያንስ ስሙን ጽፎ አይሄድም ነበር» አለኝ። ሳቅን። ሳቁ ግን ከጉሮሯችን አልወረደም፣ ዕዳው አልተከፈለማ።

ይህንኑ ለእህቴ ልጅ ነገርኳት። ዝም ብላ ሰማችኝና «ጋሼ፣ እዚህ የሚሸጥበት ቦታ ቢኖር አልገዛም ነበር ወይ? እዚህ ጽሕፈት መሣሪያ ቤት ያለው ደብተርና የፈተና መለማመጃ ነው። ደግሞስ ዋጋውን ያውቁታል?» አለችኝ። አውቀዋለሁ። ወረቀት ተወዶ፣ ማተሚያ ተወዶ፣ አንድ ወፍራም ልብ ወለድ የአንድን ቤት የሳምንት ዘይትና ሽንኩርት ይፎካከራል። እናቷን «ዘይቱን ተይና መጽሐፍ ግዢላት» ብዬ የምመክርበት አፍ የለኝም። ወዳጄም ልክ ነው፣ ልጅቷም ልክ ናት። ሁለቱም ተጎጂ ሆነው ሳለ እርስ በርስ እንዲካሰሱ የተፈረደባቸው የአገሬ ሰዎች ናቸው።

እኔን የሚያናድደኝ ግን ሦስተኛው ነገር ነው። ማንም የማይከሰስባቸው፣ ዘመናቸው አልፎ የሁላችንም የሆኑ የአማርኛ መጻሕፍት አሉን። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ሮም ላይ በ1900 ዓ.ም ያሳተመው፣ «ጦቢያ» እያልን የምንጠራው፣ የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ የሚባለው መጽሐፍ አለ። ደራሲው ከሞተ 70 ዓመት አልፎታል። ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ደግሞ ለደብረ ሲና ሰው ጎረቤት ናቸው፣ የመርሐ ቤቴ ልጅ። በአገራችን የሚገኙትን መጻሕፍት ስም ለቅመው መዝግበው ያሳተሙ፣ «ወዳጄ ልቤ»ን የጻፉ፣ ጃፓንን አይተው የመጡ፣ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የነበሩ ሰው። በስደት እንግሊዝ አገር ባዝ ከተማ ያረፉት በ1931 ዓ.ም ነው። ሃምሳው ዓመት ደርግ ሳይወድቅ ሞልቷል! ታዲያ እነዚህን መጻሕፍት እንደ ዲከንስ ቃል በቃል ተለቅመው፣ ታርመው፣ በአንድ ሜጋ ባይት ተቋጥረው ለማግኘት ሞክሩ። እኔ ሞክሬ ያገኘሁት ወይ የደበዘዘ ፎቶ ነው፣ ወይ ስለ መጽሐፉ የተጻፈ ጥናት ነው። ስለ እንጀራው የሚያወራ ሞልቷል፤ እንጀራው ግን አልቀረበም።

እንግዲህ ነገራችን ይህን ይመስላል። ነፃ የሆነው የለም፣ ያለው ነፃ አይደለም።

አባቶቻችን በዚህ ረገድ ከእኛ የተሻሉ ነበሩ ብል ተረት ናፋቂ አትበሉኝ። በ1960ዎቹ አጋማሽ ቤተ ክህነትና የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ተስማምተው፣ በየገዳሙና በየአድባራቱ ያሉ የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም እንዲነሱ ተደረገ። ከሸዋና ከወሎ ብዙ መጻሕፍት ተነሡ። ቅጂው ሚኒሶታ በሚገኘው የሂል ሙዚየም ተቀመጠ። እዚያ ተቀምጠው ለአስርት ዓመታት አንድ በአንድ ያነበቧቸውና ካታሎግ ያደረጉላቸው የሸንኮራው ተወላጅ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ናቸው። በ1968 ዓ.ም ሊይዟቸው በመጡ ወታደሮች ተመትተው ከወገባቸው በታች ሽባ ሆነው ነው የተሰደዱት። በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆነው የአገራቸውን መጻሕፍት ሲያነቡ ኖረው በ2013 ዓ.ም አረፉ። ዛሬ ከእነዚያ ብራናዎች ብዙዎቹን ማንም ተመዝግቦ በኢንተርኔት በነፃ ማየት ይችላል። የግዕዝ ብራናችን ሚኒሶታ ድረስ ሄዶ ሲድን፣ የትናንቱ የአማርኛ ሕትመታችን የሚለቅመው አጣ። ያሳዝናል።

«ኢንተርኔት ላይ ካለ አይጠፋም» የሚል መጽናኛም አለ። አትመኑት። በለንደን የብሪቲሽ ላይብረሪ፣ ከመቅደላ የተወሰዱት 350 ገደማ ብራናዎቻችን ያሉበት ቤት ማለት ነው፣ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2023 በኮምፒውተር ጥቃት ተመትቶ በኢንተርኔት የሚያሳያቸው ጽሑፎች ለረጅም ጊዜ ጠፍተው ነበር። ኢንተርኔት አርካይቭ የተባለው ትልቁ ነፃ ቤተ መጻሕፍትም በዓመቱ እንዲሁ ተመትቶ ለቀናት ተዘጋ። በዚያው ዓመት ከአሳታሚዎች ጋር የነበረበትን ክስ በይግባኝም ተረትቶ ከ500 ሺህ በላይ መጻሕፍትን ከውሰት አውጥቷል።

ሩቅ ምን ወሰደን? በእኛው በአማራ ክልል በ2015 ዓ.ም ግጭቱ ሲጋጋል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ። ለወራት። በክልሉ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆች ከትምህርት ገበታ ራቁ። በዚያን ሰሞን እህቴ ጋ የምደውለው «ደህና ናችሁ?» ለማለት ብቻ ነበር። የተረፈውን የስልክ ደቂቃ ልጅቷ ትቀበላትና ስላነበበችው ታወራኛለች። ኢንተርኔቱ ሳይጠፋ ያወረደቻቸው ሃያ ሦስት መጻሕፍት ሞባይሏ ውስጥ ነበሩ። ጓደኞቿ እየመጡ በብሉቱዝ ይቀበሏታል፣ እነሱ ደግሞ ለሌሎች ያቀብላሉ። አንዱ ልጅ ሜሞሪውን ይዞ ወደ አርማንያ ወረደ አለችኝ። «ጋሼ፣ ሃያ ሦስቱም ግን እንግሊዝኛ ናቸው። ታናሽ ወንድሜ አንብቢልኝ ሲለኝ እየተረጎምኩ ነው የማነብለት» ስትለኝ፣ የኛ መጻሕፍት አለመለቀማቸው የምሁራን ጭቅጭቅ ብቻ እንዳልሆነ ገባኝ። ውጭው ዝም ሲል፣ ሲጨልም፣ ለአንድ የስምንት ዓመት ልጅ በገዛ አፉ የሚነበብለት ታሪክ መኖርና አለመኖር ነው ጉዳዩ።

ታዲያ ምን ይደረግ? እኔ «መንግሥት ያስብበት» ብዬ ብዕሬን የማስቀምጥ ዓይነት አይደለሁም። መንግሥት ሲያስብ ብዙ ዘመን ይወስድበታል። ከፈረንጆቹ ግን አንድ ጥሩ ዘዴ አይቻለሁ። እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ የጉተንበርግን መጻሕፍት የሚያዘጋጁት ደመወዝተኞች አይደሉም። በየአገሩ የተበተኑ ፈቃደኞች፣ ጡረተኛው፣ የቤት እመቤቷ፣ ተማሪው፣ በቀን አንዲት ገጽ ከፎቶው ጋር እያስተያዩ ያርማሉ። አንዱ ያረመውን ሌላው ደግሞ ያየዋል። በቃ። እኛ ይሄንን ባህል ለእቁብና ለዕድር አሳምረን እናውቀዋለን።

ሂሳቡን እንሥራው። ሃያ ልጆች በቀን አንዳንድ ገጽ ቢለቅሙ ባለ 200 ገጽ መጽሐፍ በአስር ቀን ያልቃል። ለእርማት ሌላ አስር ቀን ስጧቸው። በአንድ የክረምት ዕረፍት ሦስት መጽሐፍ ማለት ነው። የአማርኛ ፊደል በዩኒኮድ ከገባ ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሩብ ምዕተ ዓመት አልፏል፣ ዛሬ ያልተማረ ሰው እንኳ በሞባይሉ አማርኛ ይጽፋል። ለጨዋታና ለስድብ የሚለቀመው ፊደል ቢጠራቀም የኅሩይን መጻሕፍት ሁሉ ደጋግሞ አይጽፍም ብላችሁ ነው?

ሥርዓት ግን ይኑረው። ከሞተ 50 ዓመት ያለፈውን ደራሲ ልቀሙ፣ አርሙ፣ በነፃ በትኑ። ዘመኑ ያልሞላውን ደግሞ ቤተሰቡንና አሳታሚውን ጠይቁ። በሞባይል በትንሽ ዋጋ ቢሸጥ ደብረ ሲናም ጎዴም ገዢ አያጣም፣ ዛሬ ከዜሮ ይልቅ ጥቂት ብር ለባለመብቱ ትሻላለች። በሕይወት ያለውን ደራሲ ግን ለቀቅ አድርጉት፣ በልቶ ይጻፍበት።

በቅርቡ ከእህቴ ልጅ መልእክት ደረሰኝ። እኔ ከአንድ ወዳጄ ያገኘሁትን የኅሩይን አሮጌ ሕትመት ፎቶ አንስቼ ልኬላት ነበር። ከጓደኞቿ ጋር መልቀም ጀምረዋል። መልእክቱ አጭር ነው፦ «ጋሼ፣ መጽሐፉ ላይ ‹ሠራ› በንጉሡ ሠ ነው። መምህሩ በእሳቱ ሰ ነው ያስተማሩን። የትኛውን እንጻፍ?»

ደራሲው እንደጻፉት ጻፉ አልኳት፤ ገጽ አስራ አንድ ላይ ደርሰዋል። ከእናንተ ቤት ሣጥን ውስጥ ዘመኑ ያለፈ መጽሐፍ ካለ፣ አይጥ ሳይቀድማችሁ ገጹን ቁጠሩ፣ ጎበዝ ልጅ ካለም ጥሩት።

ቸር ይግጠመን።